የሻምበል ደሞዝ

ኛማልን ቀብረን ስንመለስ ጋሽ ታፈሰ ንግግር አደረጉ። ጁባ፣ አማራት ሰፈር ባለው ሆቴላችን ግቢ ድንኳን አስተክለው፣ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ «እህታችን ኛማል ሰው አስቀይማ የማታውቅ፣ ትሁት፣ አንገቷን የደፋች…» ሲሉ እኔና ወጥ ሠሪያችን ወርቄ ተያየን። ወርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «የቀበርነው ሌላ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ልቅሶ እንዲመስልልኝ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ ወንድ አይደለህ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ኛማል ሰው አስቀይማ አታውቅም ማለት ነጭ ዓባይ ሰው አርጥቦ አያውቅም እንደ ማለት ነው። ያስቀየመቻቸው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፤ ከእነሱ ውጪ ለቅሶ የመጣ ያለም አይመስለኝ። እኔን ገና የተዋወቅን ቀን ነው ያስቀየመችኝ። የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ነኝ፤ ሠራተኛው «ማናጀር» ይለኛል፣ እኔም አላርምም። በዚያ የጁባ ሙቀት ከረባቴን አጥብቄ እጄን ስዘረጋላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ገመዱን ማነው የሚይዝልህ?» አለችኝ።

ሥራዋ ውሻ ማሠልጠን ነበር። ረጅም ስለነበረች በመቀበያው በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚያ ውጪ ለማንም ጎንበስ ስትል አላየኋትም። ወላጆቿ ከናስር በኩል ጦርነት ሸሽተው ኢትዮጵያ ስለገቡ ያደገችው ጋምቤላ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ወጣት ሳለች አዲስ አበባ መጥታ አንድ የጥበቃ ድርጅት ዘንድ የውሻ ቤት ጠራጊ ሆና ገባች፣ አሠልጣኝ ሆና ወጣች። አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። ከዘመዶቿ ጋር በኑዌርኛ፣ ከገበያ ሰው ጋር በጁባ ዓረብኛ ታወራለች፤ ስድብ ላይ ስትደርስ ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች። «ለስድብ እንደ አማርኛ የሚመች የለም፤ እርስዎ እያልክ ማዋረድ ትችላለህ» ትል ነበር።

ወገቧ ላይ የምታስራት አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ነበረቻት። በውስጧ የደረቀ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተበሳ ኳስ፣ ቁራጭ ገመድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሕፃን ካልሲ አይቻለሁ። እንግዳ መቀበያው ጋ ስታልፍ ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሌሎች አሠልጣኞች አንድ ኪሎ ሥጋና አንድ ዱላ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ አዲስ ውሻ ሲሰጣት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ቢኖር ከአፏ የማትለየውን ክብሪት እንጨት በጥርሷ ነክሳ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ጋሽ ታፈሰ በመስኮት እያዩ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው ሥራ የምትጀምረው?» ይሉኛል።

«ደሞዙን እየፈለግኩ ነው በላቸው» ትለኛለች። «ሰነፍ ውሻ የሚባል ነገር የለም። በማይፈልገው ነገር ሊከፍለው የሚሞክር ደንቆሮ ሰው ነው ያለው። አንዱ ለሥጋ ይሠራል፣ አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ለሙገሳ። አንተ ለምሳሌ ማናጀር ካሉህ ትሮጣለህ።»

ጋሽ ታፈሰ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። እግዚአብሔርን ይፈራሉ፤ ሲፈሩ ደግሞ ሰው እንዲያይላቸው ይወዳሉ። ኛማልን የቀጠሯት አንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኞቹን እኛ ዘንድ በቋሚነት ሊያሳድር አስቦ፣ ከፋሲካ በኋላ የደኅንነት ኃላፊውን ልኮ ግቢያችንን እንደሚያስመረምር ስለነገረን ነው። ሦስቱ ውሾቻችን በር ላይ የሚቆም መኪና ዞረው አሽትተው፣ ጥይት የተደበቀበት ካገኙ ቁጭ ብለው እንዲያሳዩ ተፈለገ። ሥልጠናው በተጀመረ በሳምንቱ ሁዳዴ ገባ።

ሆቴላችን በጾምም ለእንግዳ ሥጋ ያቀርባል፤ ኃጢአቱ የበላተኛው ነው። ለውሾቹ ግን ጋሽ ታፈሰ ሥጋና አጥንት ከለከሉ። «ውሾቹ የቤቱ ቤተሰብ ናቸው፤ ከቤቱ ጋር ይጾማሉ» አሉ።

«ይቆርባሉም እንዴ?» አለች ኛማል።

ሥጋ የቀረበት ቦስኮ፣ ትልቁ ውሻችን፣ ደሞዙ እንደዘገየበት የመንግሥት ሠራተኛ በሰዓቱ እየመጣ ምንም ሳይሠራ መዋል ጀመረ። ኛማል ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወርዳ በላስቲክ የኦቾሎኒ ቅቤ ይዛ መጣች። ወርቄ ቀምሳ «ጾም ነው» ብላ ፈረደች። ቦስኮ ለኦቾሎኒ ቅቤ ሲል ዳዊት ሊደግም ምንም አልቀረው። ሁለተኛዋ፣ ሎሚ የምትባለው፣ ምግብ ንቃ ነፍሷን ለአሮጌ ሸበጥ የምትሰጥ ሆና ተገኘች። የተደበቀውን ካገኘች በኋላ ሸበጡን ይዘው ሲጓተቷት ደስታዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከየክፍሉ በር ነጠላ ጫማ ሲጠፋ እንግዳውን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።

የቀረው ሻምበል ነው። ከኡጋንዳ ዕቃ ጭኖ በመጣ ከባድ መኪና ተጭኖ ካስተም ሰፈር ላይ የወረደ፣ ጥቁር፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ። ጋሽ ታፈሰ ግርማ ሞገሱን አይተው «ጀነራል» ብለው አወጡለት። በዚያው ቀን ማታ ሠራተኛው «ጀነራል! ና ብላ!» ብሎ ሲጣራ ሬስቶራንታችን ውስጥ እራት ይበሉ የነበሩ አንድ ባለ ማዕረግ ቀና ብለው «ማንን ነው?» ብለው ጠየቁ። ውሻው ሳያድር ወደ ሻምበል ዝቅ ተደረገ።

ሻምበል በምንም አይከፈልም። ዓሣ ሲወረውሩለት ዓሣውን ሳይሆን የወረወረውን እጅ ያያል። ኳስ ቢንከባለልለት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል። «ጎሽ፣ ጎሽ የኔ አንበሳ» ሲሉት ዓይኑ ነጭ ይሆናል። የበር ጥበቃው ላዶ እንኳ «ኬሊብ ዴ ማ ኩዌስ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ውሻ ደህና አይደለም ማለቱ ነው። ጋሽ ታፈሰ ደግሞ መድኃኒቱን አወቅሁ ብለው፣ ለኛማል ሳይነግሩ ምግቡን አስከለከሉት።

«ሲርበው ይሠራል» አሉ ስትደርስባቸው።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ረሃብ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ ያደግኩበት ካምፕ ዩኒቨርሲቲ ይሆን ነበር።»

«ፈሪ ውሻ ምን ያደርግልኛል ታዲያ?»

«ፈሪ ነው የሚጠነቀቀው። እርስዎስ በዚህ ከተማ ይህን ያህል ዓመት የቆዩት በጀግንነት ነው እንዴ?»

ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ያን ቀን ነው ነገሩን የቆረጡት፤ ሻምበል እስከ ፈተናው ካልሠራ ላዶ በጥይት ይገላግለናል አሉ። ላዶ ጠመንጃውን አየት አድርጎ ወደ ሰማይ ተመለከተ። ኛማል ምንም አላለችም፤ እሷ ዝም ስትል ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር ደነገጥኩ። ውሻውን እንደወደደችው የገባኝም ያኔ ነው። ብጠይቃት ክብሪት እንጨቷን ፊቴ ላይ ትተፋው ነበር።

ደሞዙ የተገኘው በእኔ ነው፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኛማል ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ፣ ከሻምበል ፊት ለፊት የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ስለጠፋ ሸበጥ ልወቅሳት ሄድኩ። ውሻው ገና ሲያየኝ ድርቅ አለ። ንግግሬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸና ጀርባዬን ሰጥቼ እያወራሁ ራቅሁ።

«ቁም!» አለችኝ። «ተመለስ።»

ተመለስኩ። ውሻው ደረቀ።

«ሂድ።»

ሄድኩ። ውሻው በረጅሙ ተነፈሰና ጆሮውን ጣል አደረገ። እንደገና ተመለስ አለችኝ፤ እንደገና ሂድ። ከረባቴን እንዳሰርኩ በዚያ ፀሐይ ስመላለስ እንግዶች በረንዳ ላይ ወጥተው ያዩኝ ጀመር። አንዱ ፎቶ አነሳኝ።

«አገኘሁት!» አለች ከሳጥኗ ላይ ብድግ ብላ። «ደሞዙ አንተ ነህ።»

«እኔ?» አልኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

«የአንተ መሄድ። የሁላችንም መሄድ። ይህ ውሻ ከእኛ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ዞር እንድንልለት ነው። እንዴት ያለ ብልህ ነው በእግዜር!»

ከዚያ ወዲያ ሥልጠናው ሌላ መልክ ያዘ። «ጌኒ!» ትለዋለች፣ በጁባ ዓረብኛ ቁጭ በል ማለት ነው። ቁጭ ሲል ምንም ሳትሰጠው፣ ምንም ሳትል ጀርባዋን ሰጥታው ትሄዳለች። ባዶ ቀለህ ጎማ ሥር ትደብቃለች፤ አሽትቶ አግኝቶ ሲቀመጥ በአካባቢው ያለን ሁሉ ዞረን እንበታተናለን። ውሻው ጉዳዩ ሲገባው የሚያህለው ጠፋ። መኪናው ገና ሳይቆም አሽትቶ ይጨርሳል፤ የሚበትነው ሰው ሲበዛለት ደግሞ የበለጠ ይተጋል።

ያቃተን እኛ ነን። ያገራችን ሰው ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። አስተናጋጆቹ ከሻምበል ፊት እጅ እየነሱ የኋሊት ይሄዱ ነበር፣ ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ ሰው። ወርቄ ደግሞ ውሻው ባገኘ ቁጥር ሳይታወቃት ታጨበጭባለች። ኛማል ወገቧን ይዛ ትጮህባታለች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ደስ ሲልሽ ሽሮሽን አማስዪ!» የሚገርመው ሰው የማትፈራው ወርቄ እሺ አለቻት። ከብዙ ጩኸት በኋላ የሆቴሉ ሠራተኛ በሙሉ ጀርባ መስጠት ተማረ። ጋሽ ታፈሰ ግን ለውሻ ጀርባ አልሰጥም ብለው ከሥልጠናው ቀሩ።

ፋሲካ ዋለ። በሳምንቱ መሐል የደኅንነት ኃላፊው፣ ቀይ ፂም ያለው ፈረንጅ፣ የጁባ ሰው «ከዋጃ» የሚለው፣ መኪናውን ራሱ እየነዳ መጣ። ቦስኮ አለፈ፣ ሎሚም አለፈች። ሻምበል ተለቀቀ። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ከኋላው በር ሥር አፍንጫውን ተከለ፣ ቁጭ አለ። ከዋጃው ጥይቱን የደበቀው እዚያው ነበር። ኛማል ዞረች፣ እኔ ዞርኩ፣ ወርቄና አስተናጋጆቹ ዞሩ። እንዲህ ያለ የተከበረ ጀርባ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም።

ያልዞሩት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ጾሙ ተፈቶ ልባቸው ሞልቷል፤ ጥሬ ሥጋ በሳህን ይዘው፣ «የኔ ጀግና! ፎቶ አንሱን!» እያሉ ሄደው የውሻውን አንገት በክንዳቸው ጥምጥም አድርገው አቀፉት። ኛማል «ተዉ!» ስትል ሻምበል እጃቸውን ነክሶ ለቀቀና መኪናው ሥር ገባ። ቁስሉ አጥንት አልነካም፤ ክብራቸውን ግን ዘልቆ ነበር። ከዋጃው ቁስላቸውን እያሰረላቸው በእንግሊዝኛ፣ ውሻው በጣም ጥሩ ነው፣ ሰውየውን አሠልጥኑት አለ። ጋሽ ታፈሰ «ምን አለ?» ሲሉኝ፣ «ሆቴሉን ወድጄዋለሁ ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምኩ። እሱም ውሸት አልነበረም፤ ድርጅቱ ውሉን ፈረመ።

ሻምበል ግን ሞት ተፈረደበት። «የጌታውን እጅ የነከሰ ውሻ ግቢዬ ውስጥ አያድርም ነበር፣ ሳምንቱ የትንሣኤ ስለሆነ ነው እስከ ሰኞ የታገሥኩት» አሉ ጋሽ ታፈሰ። ኛማል ተሟገተች፣ ሥራ እለቃለሁ አለች፣ በመጨረሻ ለመነች። ስትለምን አያምርባትም፤ ቃላቱን የት እንዳሉ ፈልጋ የምታጣ ትመስል ነበር። ሰውየው ንቅንቅ አላሉም። ላዶን ጠርተው ጠመንጃህን ወልውል አሉት።

ያን ቀን ከሰዓት ኛማል ክብሪት እንጨቷን ነክሳ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀመጠች። ዓይኗ ጋሽ ታፈሰ ላይ ነው። እሳቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ስልክ ያወራሉ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ለገባ ለወጣው ያሳያሉ። እሷ ታያለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ።

እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ጋሽ ታፈሰ እንደ ልማዳቸው ቄሱንና የደብሩን ምእመናን ምሳ ጋብዘው አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶሮው ወጥቶ ሰው መብላት ሲጀምር ኛማል ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች። ጎንበስ ብላ ገባችና ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። እኚህ ሰው እጃቸውን የነከሳቸውን ውሻ ይቅር ብለውታል። ሌላ ሰው ቢሆን በጥይት ያስደበድበው ነበር። እሳቸው ግን በትንሣኤ ማንም አይሞትም ብለው፣ እስኪያረጅ እዚሁ ቤታቸው ሊጦሩት ወስነዋል። እኔ እንዲህ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም።»

የጋሽ ታፈሰ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። ወርቄ ቀድማ እልል አለች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ቄሱ መስቀላቸውን አንስተው «ልጄ ታፈሰ፣ ክርስትና ማለት ይህ ነው! ዕድሜህን ያርዝመው!» አሉ። ጋሽ ታፈሰ መጀመሪያ ኛማልን አዩ፣ ቀጥሎ ፋሻቸውን፣ ቀጥሎ እልል የሚለውን ሰው። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን ላድርግ… ፍጥረት ነው ብዬ ነው እንጂ» አሉ፤ በዚያች ደቂቃ ከልባቸው ይመስለኛል። ላዶ በር ላይ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

ኛማል በድል ፈገግታ ወደ እኔ መጣች። ፈገግታው ግን የቆየው እስከሚቀጥለው እሑድ ነው። ጋሽ ታፈሰ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰው አስከትለው መጥተው፣ የሻምበልን በር አስከፍተው፣ «ይሄው የነከሰኝ! ይሄው ይቅር ያልኩት!» እያሉ ያስጎበኙት ጀመር። በሚቀጥለውም ሳምንት፣ በሚቀጥለውም። ሰው እየተጠጋ ያየዋል፣ ሕፃን ያሳዩታል፣ እሳቸው ቁስላቸውን ገልጠው ይተርካሉ። ውሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዓይኑ ነጭ ይሆናል።

«ሰውየውን ከልክ በላይ ከፈልኩት» አለችኝ ኛማል። «የጀማሪ ስህተት።»

የእሷ የሥልጠና ውል አልቆ ነበር። በኤርፖርቱ በኩል ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ከነቤቱ ከነመኪናው ሲጠራት አልሄደችም። እኛ ዘንድ ቀረች። እሑድ እሑድ በሻምበል በር ፊት ቆማ፣ «ዛሬ ሆዱን አሞታል»፣ «ዛሬ ቁንጫ አለበት፣ ነጠላዎ ላይ ይወጣል»፣ «ዛሬ እርስዎን ካየ በደስታ ይሞታል» እያለች ምእመናኑን ትመልሳለች። ቄሱን ሳይቀር መልሳለች። በየሳምንቱ የምታስቀይመው ሰው ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ሻምበል እሑድ እሑድ መተኛት ጀመረ። ኛማል እስክትሞት ድረስ ይህ ሆነ፤ አሁን እሑድን የምቆመው እኔ ነኝ፣ የእሷን ያህል መዋሸት ግን አልችልም።

ሳስባት እናደዳለሁ። በሕይወት ሳለች ከማንም በላይ ያሾፈችብኝ ሰው ናት፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ማናጀር እያለ በአክብሮት ሲጠራኝ የምናፍቀው እሷን ነው።

ሳትታመም በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ቀትር ላይ ነው፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ግቢው ጸጥ ብሏል። ኛማል ከኒም ዛፉ ሥር የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ፣ እንደ ወትሮዋ ለሻምበል ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ስለ ምን እንደነበር ረሳሁት እንጂ ልነዘንዛት ነበር የመጣሁት። ጥጉ ጋ ስደርስ ውሻው ተነስቶ ቆሟል። አላየኝም። አንድ እግሩን አነሳ፣ ቆመ። ሌላውን አነሳ። ማንም አልጠራውም፣ እጇ ላይም ምንም የለም። ከኋላዋ ደርሶ ሸሚዟን አሸተተና፣ ያንን ትልቅ ጎኑን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ።

ኛማል አልዞረችም። ክብሪት እንጨቱ ከአፏ ወድቆ መሬት ላይ ነበር። አየችኝ፤ ከንፈሬ ላይ የደረሰውን ቀልድም ሳታውቀው አልቀረችም። ጣቷን ብቻ አንስታ፣ እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ራቅ በልልን» አለችኝ።

ራቅሁላቸው።